ሁለት አዲስ ጎማ ለሐረጎ ቁልቁለት

ሰኞ

ተንሸራተተች። ሐረጎን ስንወርድ፣ አንዱ ትልቅ ኩርባ ላይ፣ ፍሬን ገና በደንብ ሳልይዝ ኋላዋ ወደ ገደሉ ዞር አለ። መሪውን እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም። ተስፋዬ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከደሴ አብሮኝ ይወርዳል። ከጎኔ ሆኖ ስለ ደመወዝ እድገት ሲያወራ ነበር፤ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ኮምቦልቻ ገብተን፣ ፋብሪካው በር ላይ ሲወርድ ብቻ፣ «የሺ፣ እኔን ለመግደል ነው ወይስ ራስሽን?» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ወጥቼ ጎማዎቹን አየሁ። የኋላዎቹ መላጣ ናቸው፤ የግራው ላይ ክሩ ብቅ ብሏል። የፊቶቹ ትንሽ ይሻላሉ። ትንሽ። በልጉ ከገባ ወዲህ መንገዱ ደርቆ አያውቅም። ሥራዬ ጥራት መቆጣጠር ነው። ቀኑን ሙሉ ጣቃ እያስዘረጋሁ የተበጠሰች አንዲት ክር እፈልጋለሁ፤ ሠራተኛው ዓይኔን ይፈራዋል። የራሴን ጎማ ክር ያየሁት ግን ሰው ልገድል ስል ነው።

ዓርብ እትየ ሐዋን ማድረስ አለብኝ። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሐጅ ሊሄዱ ነው። ዓርብ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ወደ ጅዳ። ከወር በፊት «የማወርድዎት እኔ ነኝ፣ ሌላ መኪና እንዳይፈልጉ» ብዬ ፎክሬያለሁ። ለአራት ጎማ አቅሜ አይፈቅድም። ስለዚህ ሁለት፣ ቢዘገይ እስከ ሐሙስ።

አመሻሽ ላይ ራሳቸው መጡ። ሰሞኑን ሰፈሩን እየዞሩ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እያሉ ነው። ሐጅ ሲኬድ የሰው ሀቅ ተይዞ አይኬድም።

«የሺየ፣ አፉ በይኝ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«ኧረ እትየ፣ ምን አድርገውኝ ነው? ይልቅ እርስዎ ይመርቁኝ» ብዬ ሳቅሁ።

ሻይ ላፍላ ብዬ ገባሁ፤ ስመለስ ቆመዋል። «የእናትሽን ነገር ነው» አሉ። ገባኝ፣ የጣሪያው አሸንዳ ጠብ ነው። እናቴ ያረፈችበት ዓመት ክረምት ላይ የእኛ ጣሪያ ውሃ እነሱ ግቢ ወረደ አልወረደ ተባብለው ሁለቱ ተኮራርፈው ነበር። ሦስት ዓመት አለፈው እኮ። በለቅሶው ከሁሉ በላይ ያለቀሱት፣ የቅሬውን፣ የእድራችንን፣ ሴቶች አስተባብረው ለቀስተኛውን ሲያበሉ የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። በአሸንዳ ነገር ማን ማንን አፉ ይላል? «ምንም የለም እትየ፣ ደግሞ መንገድ ላይ እናወራለን» ብዬ ሸኘኋቸው።

የስንብት ነገር አልችልም። ሆዴ ይባባል፣ ከዚያ እቀልዳለሁ።

ማክሰኞ

ከሥራ መልስ ሰይድ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤቴ ወረድ ብሎ አስፋልቱ ዳር ነው። መኪናዋን ዞሮ አየ፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«በዚህ ነው ሐረጎን የምትወርጂው? ወላሂ አንቺ ልብሽ ብረት ነው።»

በልኬ ሁለት አዲስ ጎማ አለው። ተቀመጪ፣ ሳይመሽ እጨርስልሻለሁ አለኝ። እኔ ደግሞ ላስብበት አልኩት። ሰይድ ጎማ የሚያወጣው በብረት እየፈለቀቀ፣ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ነው። ኮምቦልቻ አዲስ የተከፈተው ጎማ ቤት ማሽን አለው፤ ያወጣዋል፣ ያስገባዋል፣ ባላንስ ያደርገዋል፣ ቁጥሩ በስክሪን ይታያል። እትየ ሐዋን የማወርድበት ጎማ እንዲህ ይሠራ አልኩ። ለሰይድ ግን ይህን አላልኩትም፤ ቅር እንዳይለው «ነገ እመጣለሁ» አልኩት። እንደማልመጣ እያወቅሁ።

ሌላው ክርክር አዲሶቹ የት ይታሰሩ ነው። ሰይድ ፊት ይላል። «መሪው ፊት፣ ሞተሩ ፊት። ኋላማ ተጎታች ነው።» ተስፋዬ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ ኋላ ይላል። «ትናንት ገደል ሊከተን የነበረው የቱ ነው? ኋላው አይደል?» የፋብሪካው ጥበቃ ጠዋት እኔና ተስፋዬ ስንከራከር ሰምቶ «አንዱን ፊት፣ አንዱን ኋላ አድርጊና ሁሉንም አስደስቺ» አለ። መኪና የለውም፣ ግን ሐሳብ አለው።

ዛሬ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ነው የወረድኩት። ከኋላዬ የከባድ መኪና ሾፌሮች በጥሩምባ ሲሰድቡኝ ነበር።

ረቡዕ

ጎማ አላስቀየርኩም። ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ከፋብሪካ ስወጣ ኮምቦልቻም ጨለም ብሎ ነበር፣ ጎማ ቤቱን በመስኮት አየሁት፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ቆሟል። ነገ አልኩ። ሐረጎ ላይ ጉሙ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ከአንድ የጭነት መኪና መብራት ኋላ ተለጥፌ ወጣሁ።

እትየ ሐዋ ግቢ ሰው ሞልቷል። የቅሬው ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ስንቅ እያሰናዱ ነው። ቆሎ ሊቆሉ የመጡት ወሬ እየቆሉ ነው አልኳቸው፤ ሳቁ። እትየ ሐዋ እጄን ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዱኝ።

«ሁሉም ብሎኛል፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ» አሉ።

«እኔ እኮ የምለው የለኝም እትየ። እርስዎ እኮ እናቴ ነዎት።»

«እንዲያ አትበይኝ» አሉ ቆጣ ብለው። «ምንም የለም አትበይኝ። የምነግርሽ አለኝ።»

ሰው እያየን ነበር። ልጃቸው ሰዓዳ ደግሞ ጠራቻቸው። «ዓርብ መንገድ ላይ ይነግሩኛል፣ እኔና እርስዎ ብቻ እንሆናለን» አልኩ። መሬት መሬት እያዩ «መንገዱ አጭር ነው የሺየ» አሉኝ።

እሱስ አጭር ነው። ቀስ ብዬ እነዳለሁ።

ሐሙስ

ከሥራ ቶሎ ብዬ ወጥቼ ጎማ ቤቱ ገባሁ። ሰውዬው ጎበዝ ይመስላል፤ የት ይታሰሩ ብዬ ክርክሩን ሁሉ ስዘረዝርለት ሳያስጨርሰኝ «ኋላ» አለ። ኋላው ከለቀቀ መሪ አያድነውም አለ። እሺ አልኩ፤ ከሰኞ በኋላ ለዚህ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ክሪክ አስገባ፣ የኋላ ሁለቱን ፈታ። አንደኛውን አሮጌ ጎማ ማሽኑ ላይ ሰቅሎ ሊያወጣው ሲል መብራት ሄደ።

ጠበቅን። ጄኔሬተር የለውም። ጎረቤቱ አለው፣ ነዳጅ ግን የለውም። «ትንሽ ጠብቂ፣ ይመጣል» አለኝ። ሳየው መኪናዬ በድንጋይና በክሪክ ላይ ቂጧን ሰቅላ ቆማለች። አሮጌዎቹን መልስልኝ ብለው ይሻል ነበር፤ ግን በእነሱ ሐረጎን በጉም ልውጣ? ልተወውና ጠዋት ልምጣ አልኩ። ማልዶ እንደሚከፍት ማለልኝ።

በሚኒባስ ተመለስኩ። ለሰዓዳ ነገርኳት፦ ማልጄ ወርጄ፣ መኪናዋን ይዤ እወጣለሁ፣ በረራው ረፋድ ላይ ነው፣ ይደርሳል። «እርግጠኛ ነሽ? ባሌ ሚኒባስ ይኮናተር?» አለችኝ። እንዳታደርጉት አልኩ። ኩራት ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።

ዓርብ

ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም።

ማልጄ ወረድኩ። ጎማ ቤቱ ዝግ ነው። ሰውዬው የመጣው ፀሐይ ከወጣች ብዙ ቆይቶ ነው። መብራት አሁንም የለም። ሰዓዳ ደወለች፣ «ጠብቁኝ፣ እየመጣሁ ነው» አልኳት። አሁንም ደወለች፣ አሁንም ጠብቁኝ አልኩ። ሰውዬው ጎማውን ምን ቢያደርገው ጥሩ ነው? ከጓዳ ብረትና መዶሻ አምጥቶ ልክ እንደ ሰይድ እየፈለቀቀ፣ እየቀጠቀጠ አወጣው። ማሽኑ አጠገቡ ቆሟል፣ ስክሪኑ ጨልሞ። እኔም ቆሜ አየሁ። አንደኛው አልቆ ሁለተኛው ሲጀመር ሰዓዳ እንደገና ደወለች፤ የሚኒባስ ድምፅ ይሰማል። ወጥተዋል። «እማ አልወጣም ብላ ነው እኮ እስካሁን። የሺ ትመጣለች ብላ ሁለት መኪና መለሰች» አለችኝ።

የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፦ እኔ ኮምቦልቻ ነበርኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ ነው። ባጃጅ ይዤ በሩ ላይ ብጠብቃቸው ኖሮ አገኛቸው ነበር። መኪናው ይቅርና በእግሬም ቢሆን እደርስ ነበር። ግን «የማወርድዎት እኔ ነኝ» ብያለሁና ጎማው ታስሮ፣ ብሎኑ ጠብቆ፣ በራሴ መኪና ካልሆነ መሄድ ጭራሽ አልታየኝም። እስኪያልቅ ቆምኩ።

ስደርስ ገብተዋል። ሰዓዳም እስከ አዲስ አበባ ልትሸኛቸው አብራ ገብታለች። ባሏ በሩ ላይ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ «አብሽሪ፣ ይኼ እኮ ምንም አይደለም» አለኝ። ከዚያ ግን፣ «እዚህ በር ላይ ዞር እያሉ ሲያዩ ነበር» አለ። ባይነግረኝ ይሻል ነበር።

ፋብሪካ ገባሁ። ጣቃውን ሁሉ ምንም ጉድለት የለውም ብዬ አሳለፍኩት።

ቅዳሜ

ጎማዎቹ ጥሩ ናቸው። ትናንት ሐረጎን ስወጣ ዝናብ ነበር፤ መሬቱን ቆንጥጣ ነው የወጣችው፣ አንዴም ከወዲያ ወዲህ አላለችም። አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር እያየሁ ነዳሁ። ቀበቶውን ሁሉ አስተካክዬላቸው ነበር፣ አንገታቸውን እንዳያስቸግራቸው።

ሰይድ ዛሬ በበሩ ሳልፍ ጎማዎቹን አየ። ነገ እመጣለሁ ብዬው የቀረሁት ትዝ ብሎኝ ፊቴ ጋለ። «የኮምቦልቻ ጎማ እኮ ደሴ ሲገባ ይበርደዋል፣ ጋቢ አልብሺው» አለና ሳቀ። ቅር እንኳን አላለውም። ማክሰኞ ተቀመጪ ሲለኝ ቁጭ ብል ኖሮ።

ከሰዓት በኋላ ሰዓዳ ደወለች። እማ ልታናግርሽ ትፈልጋለች አለች። ይቅርታ ልጠይቅ ተንደርድሬ ነበር፤ አላስጨረሱኝም።

«የጎማውን ነገር ተይው። እኔን ስሚኝ። አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ እትየ፣ ስንቴ...»

«አላልሽም። ደግሞ ሳትሰሚ አትበይ። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ነገሩኝ። የአሸንዳው አይደለም። እናቴ ከማረፏ በፊት ግቢያችን ውስጥ የወደቀች ቀን ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ስትጣራ ሰምተዋታል። ድምፅዋን ለይተዋል። የመውደቋን ነገር አላወቁም፤ ለጠብ የፈለገቻቸው መስሏቸው፣ ወይም መስሏቸው እንደሆነ ለራሳቸው እየነገሩ፣ ልብስ ማስጣታቸውን ቀጠሉ። ዝም ስትል ደግሞ ተወችው አሉ። ማታ እኔ ስጮህ ነው ሮጠው የመጡት።

«ይህን ይዤ እንዴት ካዕባ ፊት እቆማለሁ?» አሉኝ። «የአላህን አላህ ያውቃል። የሰው ሀቅ ግን ከባለቤቱ ነው። እሷ የለችም። ያለሽው አንቺ ነሽ።»

 ስንት ቀን ምንም የለም፣ ምንም የለም ስል ከርሜ፣ አሁን ቃሉን ፈልጌ አጣሁት። «መልሼ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁ። በዚያች ሴት ላይ ስልክ ዘጋሁ።

እሑድ

አልደወልኩም።

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ቅዳሴው አልገባኝም። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴን በርሜሉ አጠገብ ነው ያገኘኋት። «መጣሽ?» ብላኝ ነበር። ሆስፒታል ሰንብታ ነው ያረፈችው። ገና መውደቋ ነው፣ ልክ እኔ ልደርስ ስል ነው የወደቀችው ብዬ ነው ሦስት ዓመት የተኛሁት። ለካ ቀን ነው። ለካ ተጣርታለች።

ጠላኋቸው። ልጻፈው፣ ማንም አያየውም፦ ዛሬ ጠዋት እትየ ሐዋን ጠላኋቸው። ያን ሁሉ ልቅሶ፣ ያን ሁሉ ማብላት እያስታወስኩ ለዚህ ነበር እንዴ አልኩ። ከዚያ ደግሞ እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ በአጥሩ ላይ የሚያቀብሉኝን አጥሚት አስታውሼ አለቀስኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀንም መዝጊያዬን ሳያንኳኩ ውለው አያውቁም። ፍርሃት ነው እንጂ ፍቅር አይደለም ልል ፈለግሁ፤ ሁለቱም ነው መሰለኝ።

ሰኞ ዕለት ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ሻይ ላፍላ ብዬ ጥያቸው ገባሁ። ረቡዕ እጄን ይዘውኝ ነበር። ያኔ ብሰማቸው ፊታቸውን አያለሁ፣ እሳቸውም የእኔን ያያሉ፤ ብጮህባቸው እጮሃለሁ፣ ብንተቃቀፍ እንተቃቀፋለን። አሁን ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። እሱም እስከ ነገ።

ሰዓዳ ሁለቴ ደውላለች። አላነሳሁም። በረራው ነገ ጠዋት ነው።

ሰኞ

ተስፋዬን ዛሬ በሚኒባስ ና አልኩት። ብቻዬን ወጣሁ። ሐረጎ አናት ላይ ጉሙ ሳለ ሰፋ ያለ ጥግ ፈልጌ ቆምኩና ደወልኩ። ሰዓዳ አነሳች። «ወረፋ ላይ ነን፣ አሁን ልትገባ ነው» አለችና ያለ ምንም ጥያቄ ሰጠቻቸው።

«የሺየ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

«እትየ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እናቴ ምን ብላ ነው የተጣራችው?»

 ከኋላቸው ሻንጣ ሲጎተት፣ ሰው ሲጠራራ ይሰማኛል። ወረፋው ደርሶ እንዳይወስዳቸው ፈራሁ።

«ሐዋ አለች» አሉ። «ሐዋ፣ ነይልኝ አለች።»

ያን ክረምት እናቴ ስማቸውን ጠርታ አታውቅም። «ያች ሴትዮ» ነበር የምትለው። እኔ እትየ ሐዋ ስል እንኳን ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። ወድቃ የእኔን ስም አልጠራችም፤ ኮምቦልቻ እንደሆንኩ ታውቃለች። የጠራችው እሳቸውን ነው።

«እንግዲያው እሷ ታርቃዎት ነበር» አልኩ። «ሳትታረቅማ ነይልኝ አትልም።»

ሲያለቅሱ ሰማሁ። «እሱን አይደል ያልቻልኩት» አሉ።

መኪናዋ ውስጥ ሆኜ እኔም አለቀስኩ። አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ሰዓዳ «እማ፣ ወረፋሽ» ስትል ይሰማኛል።

«አፉ ብያለሁ እትየ።»

«ሰምተሽ ነው ያልሽው?»

«ሰምቼ ነው። አፉ ብያለሁ።»

«አላህ አንቺንም አፉ ይበልሽ» አሉ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። «አረፋ ተራራ ላይ ቆሜ፣ ወርቄ ብዬ እጠራታለሁ። ወላሂ፣ በስሟ እጠራታለሁ።»

ወርቄ እናቴ ናት። እሳቸውም ከዚያ ክረምት ወዲህ በስሟ ሲጠሯት የሰማሁት ዛሬ ነው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፤ ሰዓዳ ትዝጋው፣ ኔትወርክ ይሁን አላውቅም።

ጉሙ እስኪገልጥ ቆይቼ ወረድኩ። ሥራ አረፈድኩ። አልኩት፣ ቃሉ ከአፌ ወጥቷል፣ እሳቸውም ይዘውት ሄደዋል። ግን ማታ ግቢ ስገባ በርሜሉን ላለማየት ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። ከልቤ ብዬው እንደሆነ የማውቀው ሲመለሱ ነው፣ ፊታቸውን ሳየው።